አሮጌው የጌም ኮምፒውተሬ፦ ከየት መጀመር ነበረብኝ?

ጌሙ ይከፈታል። አሥር ደቂቃ ያህል ደህና ይሄዳል። ሰው የበዛበት ከተማ ውስጥ ስገባ ግን ምስሉ ይቆራረጣል፣ ድምፁ ይንተባተባል። መሪውን ማዞሬ የሚታወቀው መኪናው አጥሩን ከገጨ በኋላ ነው። ሁለት ዓመት ያህል እንዲህ እየተጫወትኩ ቆየሁ። ጥፋቱ ምስሉን የሚያዘጋጀው የግራፊክስ ካርድ ነው ብዬ አምኜ ስለነበር ገንዘብ ያጠራቀምኩት ለእሱ ብቻ ነበር። በመጨረሻ ገዛሁና ሰካሁት። መቆራረጡ ግን እንደነበረ ቀጠለ።

ይህን የምጽፈው ያን ቀን የተሰማኝ ነገር ሌላ ሰው ላይ እንዳይደርስ ነው። ገንዘብ ሲያጥር አንድ የተሳሳተ ግዢ ወራት ያስጠብቃል።

ኮምፒውተሩን የገጣጠምኩት እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ ላይ ነው። ፕሮሰሰሩ (ዋናው አሳቢ ቺፕ) ራይዘን 3 1200፣ ማዘርቦርዱ (ሁሉም የሚሰካበት ሰሌዳ) ቢ350፣ ግራፊክስ ካርዱ ባለ 4 ጊጋ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ፣ ራሙ (ጊዜያዊ ሜሞሪው) አንድ ባለ 8 ጊጋ ዲዲአር4፣ ዲስኩ ደግሞ ባለ 1 ቴራ ሃርድ ዲስክ ነበር። ለጊዜው ጥሩ ማሽን ነበር። 4 ኮር (የፕሮሰሰሩ የሥራ ክፍሎች) ለጌም ይበቃል ይባል ነበር፤ እውነትም ይበቃ ነበር። በ2020 ፕሌይስቴሽን 5 እና ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ ሲወጡ ግን ባለ 8 ኮር ፕሮሰሰርና ፈጣን ኤስኤስዲ (ከሃርድ ዲስክ በጣም የሚፈጥን ማከማቻ) ይዘው መጡ። ከዚያ ወዲህ ትልልቆቹ ጌሞች የሚሠሩት በእነሱ ልክ ነው። የኔ ማሽን ደግሞ ሁለቱንም አልነበረውም። ይህን ቀድሜ አስቤበት ቢሆን ኖሮ ከግራፊክስ ካርድ አልጀምርም ነበር።

ካርዱ

የገዛሁት ያገለገለ አርኤክስ 6600 ነው። ስህተቱ ቅደም ተከተሉ ላይ እንጂ ምርጫው ላይ አልነበረም፤ ዛሬም ብሆን እሱኑ እመርጣለሁ። 8 ጊጋ ሜሞሪ አለው፣ የሚወስደው ኮረንቲ 132 ዋት ገደማ ነው፣ ባለ 8 ፒን አንድ ኬብል ይበቃዋል። ለባለ 1080 ሞኒተር ከዚህ በላይ መክፈል አያስፈልገኝም ነበር።

ከእሱ በፊት ሁለት ካርዶች ዓይኔ ውስጥ ገብተው ነበር። አንዱ አርኤክስ 6500 ኤክስቲ ነው። ዋጋው ይማርካል፤ ለአሮጌ ማሽን ግን አይሆንም። ከማዘርቦርዱ ጋር የሚነጋገረው በ4 መስመር ብቻ ነው። ፒሲአይ ኤክስፕረስ (ካርዱና ማዘርቦርዱ የሚነጋገሩበት መንገድ) 4.0 ያለው አዲስ ማዘርቦርድ ላይ ይህ ብዙም አይጎዳውም። እንደኔ 3.0 ብቻ ያለው ላይ ግን የእያንዳንዱ መስመር ፍጥነት በግማሽ ይወርዳል። የራሱ ሜሞሪ 4 ጊጋ ብቻ ስለሆነ ሲሞላበት በዚያችው ጠባብ መንገድ ከራም መበደር ይጀምራል። ርካሽ ካርድ የሚፈልገው አሮጌ ኮምፒውተር ያለው ሰው ሆኖ ሳለ፣ ካርዱ በጣም የሚቸገረው እዚያው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ መሆኑ በጣም ያሳዝነኛል።

ሌላው ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር ነበር። ጎበዝ ካርድ ነው፤ 125 ዋት ብቻ ይወስዳል። የተውኩት ሬይ ትሬሲንግ (የብርሃንን ጉዞ እያሰላ ምስል የሚሠራ ዘዴ) የሚሠራ ሃርድዌር ስለሌለው ነው። ሬይ ትሬሲንግ ለኔ ቅንጦት ነው፣ አብርቼው አልጫወትም። ነገር ግን ያለ እሱ ጭራሽ የማይነሱ ጌሞች መጥተዋል። በ2024 የወጣው የኢንዲያና ጆንስ ጌም አንዱ ነው፤ በ2025 የወጣው ዱም ዘ ዳርክ ኤጅስም እንዲሁ። የቆዩ ጌሞችንና የኦንላይን ውድድሮችን ብቻ ለምትጫወቱ ይህ አያሳስባችሁም፤ 1660 ሱፐርን በጥሩ ዋጋ ካገኛችሁ ውሰዱት።

ያገለገለ ካርድ ስትገዙ ሲሠራ ሳታዩ እንዳትከፍሉ። ሻጩን «ወንድሜ፣ ተሰክቶ ካላየሁት አልወስደውም» አልኩት። «እኔም ብሆን እንደዛ ነው የማደርገው» ብሎ ወደ ኮምፒውተሩ ወሰደኝ። ምንም ቅር አላለውም። ቅር የሚለው ሻጭ ካጋጠማችሁ ተዉት።

መጀመሪያ ጂፒዩ-ዚ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ማንነቱን አየሁ። ይህ ወሳኝ ነው። ሶፍትዌራቸው ተነካክቶ በሌላ ስም የሚሸጡ በጣም አሮጌ ካርዶች አሉ፤ ዊንዶውስ ላይ 1050 ቲአይ ብለው ይታያሉ፣ ውስጣቸው ግን የ2010 አካባቢ ቺፕ ነው። ስሙ ትክክል ሆኖ ዕቃው ትንሽ ዝቅ የሚልበትም ጊዜ አለ። አርኤክስ 580 ተብሎ ቀጥሎ 2048ኤስፒ የሚል ካለበት አቅሙ የ570 ነው። ከዚያ በኋላ ካርዱን 20 ደቂቃ በከባድ ጭነት አስሮጥነው። ምስሉ ላይ ነጠብጣብ ወይም ባለ ቀለም መስመር መውጣት አለመውጣቱን፣ ፋኖቹ ማንጓጓታቸውን፣ ሙቀቱ መውጣቱን ትቶ አንድ ቦታ ላይ መርጋቱን ተከታተልኩ። የኬብል መሰኪያዎቹን አንድ በአንድ ሞከርኳቸው። ብሎኖቹ በመፍቻ ተፋቅተው እንደሆነም አየሁ። ካርዱ ክሪፕቶ ገንዘብ ለማምረት (ማይኒንግ) ሠርቶ ከሆነ ያ ብቻውን አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ ፋኑ ያለቀና ሙቀቱ የማይረጋ ካርድ ነው።

ድርግም ብሎ ጠፋ

ካርዱን በሰካሁ ማግስት ከባዱን ጌም ከፈትኩ። አምስት ደቂቃ አልሞላም፣ ኮምፒውተሩ ድርግም ብሎ ጠፋ። ሰማያዊ ስክሪን የለም፣ የስህተት መልእክት የለም። ሻጩን በሆዴ አማሁት። ሰውየው ግን ምንም አላጠፋም ነበር። ችግሩ ለዕቃዎቹ ኮረንቲ የሚያከፋፍለው ፓወር ሰፕላዬ ላይ ነው።

ጎኑ ላይ በትልቁ 500 ዋት የሚል ጽሑፍ አለው። ከስሩ ያለችውን ትንሽ ሰንጠረዥ ግን በእነዚያ ሁሉ ዓመታት አንብቤያት አላውቅም። ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ ኮረንቲ የሚያገኙት ከ12 ቮልቱ መስመር ነው። የኔ ላይ በ12 ቮልት ስር የተጻፈው 24 አምፔር ነበር። 24 በ12 ሲባዛ 288 ዋት ነው። ለጌም የሚጠቅመው አቅም ይህ ብቻ ነበር። ካርዱ 132 ዋት ይወስዳል፣ ለቅጽበት ደግሞ ከዚያ በላይ ይዘላል። ፕሮሰሰሩ፣ ዲስኩና ፋኖቹ ሲጨመሩ ያረጀው ሰፕላይ ጫፉ ላይ ይደርስና ራሱን ለማዳን ይዘጋል።

አሁኑኑ ኬዛችሁን ከፍታችሁ ያችን ሰንጠረዥ አንብቧት። ካርድ ከመግዛታችሁ በፊት። እኔ አዲስ ባለ 550 ዋት ገዛሁ፤ በ12 ቮልቱ ላይ 45 አምፔር፣ ማለትም 540 ዋት ይሰጣል። ከሁሉም ዕቃዎች ያገለገለ እንዳትገዙ የምለው ፓወር ሰፕላይን ነው። ሲበላሽ ሌላውን ይዞ ሊሄድ ይችላል። ሳጥኑ ላይ ያለው «80 ፕላስ» የሚለው ምልክት ደግሞ የሚነግራችሁ ኮረንቲ ምን ያህል እንደማያባክን ነው። ስለ ጥራቱና ስለ መከላከያዎቹ ምንም አይልም።

አንድ ነገር አደራ። አዲሱ ሰፕላይ ኬብሎቹ የሚነቀሉ ዓይነት ከሆነ የአሮጌውን ኬብል አትጠቀሙ። ጫፉ ልክ ቢገባም የውስጡ አሰላለፍ ከኩባንያ ኩባንያ ይለያያል፤ ዲስክ ያቃጥላል።

ማነቆው የት እንዳለ ማወቅ

ሰፕላዩ ተቀየረ። ኮምፒውተሩ መጥፋቱን አቆመ። መቆራረጡ ግን አልቆመም። በጣም ተበሳጨሁ፤ ለዚህ ዓመት የያዝኩት ገንዘብ አልቋል። መለካት የጀመርኩት ያኔ ነው፤ መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝን በመጨረሻ አደረግኩት።

ኤምኤስአይ አፍተርበርነር የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። የማንኛውም ኩባንያ ካርድ ቢኖራችሁ ይሠራል። አብሮት ሪቫ ቱነር ይጫናል፤ ሁለቱ ሆነው ጌሙ እየሄደ ቁጥሮችን ስክሪኑ ጥግ ላይ ያወጣሉ። የግራፊክስ ካርዱን ሥራ በመቶኛ፣ የእያንዳንዱን ኮር ሥራ በመቶኛ፣ የራምና የቪዲዮ ሜሞሪ አጠቃቀም፣ ሙቀቱን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የፍሬም ጊዜውን ግራፍ እንዲያሳየኝ አደረግኩ።

የፍሬም ጊዜ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚያየው በሴኮንድ ስንት ፍሬም (ምስል) እንደሆነ ብቻ ነው። በሴኮንድ 60 ፍሬም ማለት አንዱ ምስል በ16.7 ሚሊሴኮንድ ይደርሳል ማለት ነው። አማካዩ 60 ሆኖ ሳለ በመሃል አንዷ ምስል 100 ሚሊሴኮንድ ልትፈጅ ትችላለች። አማካዩ ይህችን ይደብቃታል፣ ዓይን ግን አያልፋትም። «ስታክ ያደርጋል» የምንለው እሷን ነው። ግራፉ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ካያችሁ ጌሙ ደህና ነው። ሾጣጣ ጫፎች ካበዛ አማካዩ የፈለገውን ቢሆን ችግር አለ። የኔ መስመር እንደ መጋዝ ጥርስ ነበር።

ቁጥሮቹ ደግሞ እንዲህ አሉ። አራቱም ኮሮች 100 በመቶ ላይ ናቸው። አዲሱ ካርድ 55 በመቶ አካባቢ ላይ ሥራ ይጠብቃል። 8 ጊጋው ራም ሞልቶ ዊንዶውስ ትርፉን ወደ ሃርድ ዲስኩ ያጓጉዛል።

አነባበቡ ከባድ አይደለም። ግራፊክስ ካርዱ ከ95 በመቶ በላይ እየሠራ ከሆነ ማነቆው ካርዱ ነው፤ ይህ ጤናማው ሁኔታም ነው። የፍሬም ገደብ ሳይኖር ካርዱ ከግማሽ ትንሽ ከፍ ብሎ ከቆመ ሌላ ነገር እያስጠበቀው ነው። ለማረጋገጥ የጌሙን ሪዞሉሽን (የምስሉን ዝርዝርነት) ከ1080 ወደ 720 አውርዱት። ፍሬሙ በደንብ ከጨመረ ካርዱ ነበር። ካልጨመረ ፕሮሰሰሩ ወይም ራሙ ነው። የኔ ንቅንቅ አላለም። የፕሮሰሰሩን ድምር መቶኛ ብቻ አይታችሁ ግን እንዳትታለሉ። ኮሮቹ ብዙ ሲሆኑ ድምሩ 40 በመቶ እያለ አንዱ ኮር ሙሉ በሙሉ ተይዞ ሊሆን ይችላል።

ይህን ፈተና ያለ አዲስ ካርድ፣ በ1050 ቲአዩ ላይ ማድረግ እችል ነበር። ነፃ ነው፣ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

ገንዘብ ሳይወጣ የተስተካከለው

እስኪጠራቀም ድረስ ያለ ወጪ የሚሆነውን ሁሉ አደረግኩ። ኬዙን ከፍቼ አቧራውን በብሩሽና በአየር አወጣሁ፤ ስነፋ ፋኖቹን በጣቴ ይዤ ነው፣ በከፍተኛ ፍጥነት እንዳይሽከረከሩ። ከፊት ያለው ፋን አየር የሚያስወጣ ሆኖ ተገጥሞ ነበር፤ ገለበጥኩት። ዊንዶውስ ሲነሳ አብረው የሚነሱ ፕሮግራሞችን ዘጋሁ፤ 8 ጊጋ ራም ላለው ሰው ብሮውዘር ከጀርባ መተው ከባድ ነው። ሞኒተሬ 75 ኸርዝ የሚችል ሆኖ ሳለ ቅንብሩ 60 ላይ ነበር። የአሮጌውን ካርድ የኢንቪዲያ ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራ ሶፍትዌር) ደግሞ ዲዲዩ በሚባለው ፕሮግራም በሴፍ ሞድ ጠራርጌ ካወጣሁ በኋላ የአዲሱን ካርድ፣ የኤኤምዲውን፣ እንደገና ጫንኩ።

ትልቁን እፎይታ የሰጠኝ የፍሬም ገደብ ነው። ጌሙን 40 ላይ ገደብኩት። ቁጥሩ ዝቅ ያለ ይመስላል፤ ግን ፕሮሰሰሩ ትንፋሽ አገኘና መስመሩ ተስተካከለ። ከ25 እስከ 60 እየዘለለ ከሚያሳብድ 60 ይልቅ የረጋ 40 ለዓይን ይሻላል። ጌም ውስጥ ስትገቡ ደግሞ የሰው ብዛትን፣ የእይታ ርቀትንና ጥላን ቀንሱ፤ ፕሮሰሰሩን በብዛት የሚያደክሙት እነሱ ናቸው። የቴክስቸር ጥራት የቪዲዮ ሜሞሪ ጉዳይ ስለሆነ ካርዳችሁ ቦታ ካለው አትንኩት።

ራምና ዲስክ

ቀጥሎ የገዛሁት ራም ነው። አሮጌዋ ባለ 8 ጊጋ ላይ ሌላ አንድ ልጨምር ነበር። ሐሳቤን ቀየርኩና በአንድ ሳጥን የሚመጣ ጥንድ፣ 8 እና 8 ጊጋ፣ ባለ 3200 ገዛሁ። አንዷ ራም ብቻዋን ስትሆን ፕሮሰሰሩ የሚጠቀመው ከሁለቱ የሜሞሪ መንገዶች አንዱን ነው። የኔ አሮጌዋ 2400 ስለነበረች ከፍተኛው ፍሰቷ በሴኮንድ 19.2 ጊጋባይት ነበር። ጥንዱ በ3200 ሲሄድ 51.2 ይደርሳል። የራይዘን ውስጣዊ መስመርም ከራሙ ፍጥነት ጋር አብሮ ይሄዳል፤ ስለዚህ ልዩነቱ ከሌላው ፕሮሰሰር ይልቅ እዚህ ይጎላል።

ሁለቱን አጠገብ ላጠገብ እንዳትሰኳቸው። አራት ማስገቢያ ያለው ማዘርቦርድ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ቦታቸው ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር ሁለተኛውና አራተኛው ነው። ማኑዋሉ ይነግራችኋል። ሰክታችሁ ስትጨርሱ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈት የማዘርቦርዱ ቅንብር) ውስጥ ገብታችሁ ኤክስኤምፒ የሚለውን አብሩ፤ አንዳንዱ ማዘርቦርድ ላይ ዲኦሲፒ ይባላል። ይህ ካልበራ 3200 ብላችሁ የገዛችሁት ራም በዝግታ ይሠራል፣ እናንተም አታውቁትም። የኔ ከአሮጌው ፕሮሰሰር ጋር በ3200 አልረጋ ስላለ 2933 ላይ አቆየሁት። ፕሮሰሰሩ ሲቀየር ግን ያለ ምንም ችግር 3200 ላይ ሄደ።

ኤስኤስዲ ላይ ብዙ አልልም። ግዙ። ማዘርቦርዴ የኤም.2 ማስገቢያ (ቀጭን ኤስኤስዲ በቀጥታ የሚሰካበት) ስላለው ባለ 1 ቴራ ኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ ገዛሁ፤ ማስገቢያው የሌለው ሰው በኬብል የሚሰካውን የሳታውን ይግዛ። የሳታ ኤስኤስዲ በሴኮንድ 550 ሜጋባይት አካባቢ ያነባል፣ ኤንቪኤምኢው ብዙ እጥፍ ነው። ጌም ሲከፈት ግን በሁለቱ መሃል ያለው ልዩነት ትንሽ ነው። ሰማይና ምድር የሚሆነው ከሃርድ ዲስክ ወደ ማንኛውም ኤስኤስዲ ስትሻገሩ ነው። ሃርድ ዲስክ ትልቅ ፋይል ሲያነብ ከ100 እስከ 150 ሜጋባይት ይሄዳል፤ የተበታተኑ ትንንሽ ፋይሎች ላይ ግን 1 ሜጋባይት እንኳ ያቅተዋል። ጌም ደግሞ የሚያነበው እንደዚያ ነው። ስታርፊልድ በ2023 ሲወጣ በዝቅተኛው መስፈርቱ ላይ ኤስኤስዲ የግድ ነው ብሎ ነው፤ ሳይበርፐንክ 2077ም በዚያው ዓመት በ2.0 ዝማኔው ይህንኑ አደረገ። አሮጌውን ሃርድ ዲስክ ለፎቶና ለፊልም አቆየሁት።

ፕሮሰሰሩ

ይህኛው ክፍል ነው ሰውን የሚያስፈራው። እኔንም አስፈርቶኝ ነበር።

ኤኤም4 የሚባለው የኤኤምዲ ፕሮሰሰር ማስገቢያ ያለው ሰው ዕድለኛ ነው። በ2017 የገዛሁት ማዘርቦርድ ራይዘን 5 5600 ይቀበላል። 6 ኮር፣ 12 ትሬድ (በአንድ ጊዜ የሚሄዱ ሥራዎች)፣ 32 ሜጋባይት ካሽ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ፈጣን ሜሞሪ)፣ 65 ዋት። ስሙ የሚቀራረበው 5500 በዋጋ ትንሽ ይቀንሳል፤ ካሹ ግን ግማሽ፣ 16 ሜጋባይት ነው፣ ጌም ላይ ይታወቃል። 5600 ከአቅማችሁ በላይ ከሆነ ያገለገለ ራይዘን 5 3600 ፈልጉ። እሱም 6 ኮር ነው፤ ከ1200 ጋር አይወዳደርም።

እንደኔ ቢ350 ያሉት አሮጌዎቹ ባለ 300 ማዘርቦርዶች ራይዘን 5000ዎቹን በይፋ መቀበል የጀመሩት በ2022 ነው፣ ለዚያውም አዲስ ባዮስ ሲጫንላቸው። ስለዚህ ፕሮሰሰር ከመግዛታችሁ በፊት የማዘርቦርዳችሁን ትክክለኛ ስም ይዛችሁ በአምራቹ ገጽ ላይ የሚቀበላቸውን ፕሮሰሰሮች ዝርዝር እዩ። እዚያ ላይ ስሙ ከሌለ አትግዙ። ባዮሱን የምትቀይሩት አሮጌው ፕሮሰሰር እንደተሰካ ነው። ቀድማችሁ አዲሱን ከሰካችሁ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ፍላሹን በፋት32 ፎርማት አድርጉ፣ ፋይሉን ገልብጡ፣ ባዮስ ውስጥ ካለው የማዘመኛ ገጽ ጫኑት። አንዳንዱ ማዘርቦርድ ወደ አዲሱ ከመዝለሉ በፊት መሃል ላይ ያለ ሌላ ቅጂ እንዲጫንበት ይፈልጋል፤ የኔም እንደዚያ ነበር። ከፋይሉ ስር ያለውን ማብራሪያ አንብቡ። እየተጫነ ሳለ ኮረንቲ እንዳይቋረጥ። እኔ ዩፒኤስ (ኮረንቲ ሲጠፋ የሚያቆይ ባትሪ) ተውሼ ነው የሠራሁት።

አሁን ስለደረሰብኝ ነገር ልንገራችሁ። የማቀዝቀዣውን አራት ብሎኖች ፈታሁና ወደ ላይ ሳብኩት። አልነሳ አለ። ጠንከር አድርጌ ሳብኩት። ጠብ ሲል ፕሮሰሰሩ ከስሩ ተጣብቆ አብሮ መጣ፤ መቆለፊያው እንደተዘጋ ነበር። እጄ ተንቀጠቀጠ። ኤኤም4 ላይ ፒኖቹ ያሉት ፕሮሰሰሩ ላይ ነው፣ ቁጥራቸውም ከሺህ በላይ ነው። ጥግ ላይ ያሉት ሁለቱ ተጣመዋል። ማዘርቦርዱ ደህና መሆኑን አይቼ ፒኖቹን በቀጭን ፕላስቲክ ካርድ፣ በሁለቱ ረድፍ መሃል እያስገባሁ፣ በጣም በዝግታ አቀናሁ። አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። ተርፏል፤ ዛሬም ይሠራል። ቢሰበሩ ግን መመለሻ የለውም።

እናንተ እንዲህ አድርጉ። ከመፍታታችሁ በፊት ኮምፒውተሩን ሩብ ሰዓት ያህል በጌም አሙቁት፤ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መሃል የደረቀው ቴርማል ፔስት (ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ይለሰልሳል። አጥፉት፣ ገመዱን ንቀሉ። ብሎኖቹን ከፈታችሁ በኋላ ማቀዝቀዣውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ በቀስታ አዙሩት። ሲለቅ ይታወቃችኋል፤ ያኔ አንሱት።

አዲሱ ሲገባ ጥጉ ላይ ያለችውን ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት ከማስገቢያው ምልክት ጋር አስተያዩ። በራሱ ክብደት መግባት አለበት፣ አይጫንም። ከዚያ መሃሉ ላይ የአተር ፍሬ የምታህል ፔስት። መጀመሪያ ስታበሩት ስክሪኑ ለአንድ ሁለት ደቂቃ ጥቁር ሊሆን ይችላል። ራሙን እየተለማመደ ነው፤ እንዳትደናገጡና እንዳታጠፉት። እኔን ቀጥሎ የጠበቀኝ ስለ ኤፍቲፒኤም (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ የደህንነት ቁልፎች ማስቀመጫ) የሚጠይቅ ጽሑፍ ነበር፤ ዋይ ወይም ኤን ተጫኑ ይላል። አዲስ ፕሮሰሰር ስለገባ ነው የሚጠይቀው። ዲስካችሁ በቢትሎከር (በዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) የተቆለፈ ከሆነ ግን ዋይ ከመጫናችሁ በፊት የመክፈቻ ቁልፉ በእጃችሁ መኖሩን አረጋግጡ። ይህን ሥራውን ከመጀመራችሁ በፊት፣ ዊንዶውሱ ገና እየሠራ ሳለ ብታዩት ይበልጥ ጥሩ ነው።

ፕሮሰሰር መቀየሩ ሌላ ነገርም ፈታልኝ። ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10 ድጋፍን እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ራይዘኖች በይፋ አይቀበልም፤ በአብዛኛው ከራይዘን 2000 ተከታታይ ጀምሮ ነው። በኢንቴል በኩል ከ8ኛው ትውልድ ጀምሮ ነው። ባዮስ ውስጥ ኤፍቲፒኤምንና ሴኪዩር ቡትን አብርቼ ዊንዶውስ 11ን አዲሱ ኤስኤስዲ ላይ ከባዶ ጫንኩ።

ኢንቴል ያላችሁ መንገዳችሁ አጠር ያለ ነው። አይ5-4460 ያለው ሰው ያገለገለ አይ7-4790 መሰካት ይችላል፤ አይ5-6500 ያለው ደግሞ አይ7-6700። 4 ኮር ወደ 4 ኮር ከ8 ትሬድ ጋር ነው፤ መቆራረጡን ይቀንሳል። ግን ሁለቱም ዊንዶውስ 11ን በይፋ አያገኙም። ስለዚህ የአይ7ቱ ዋጋ ያገለገለ ኤኤም4 ማዘርቦርድና ፕሮሰሰር ከሚያወጣው ጋር ከተቀራረበ እኔ ብሆን አሮጌው ላይ አልጨምርም።

ሁሉም ካለቀ በኋላ ያንኑ ከተማ፣ ያንኑ መንገድ ሄድኩበት። ቀድሞ 45 አካባቢ ሆኖ እስከ 20ዎቹ ይወድቅ የነበረው አሁን ከ70 በላይ ነው። ካርዱ 97 በመቶ ላይ ነው፣ ኮሮቹ ግማሽ ላይ፣ የፍሬም ጊዜው መስመር ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ካርዱ ያው የዓመት በፊቱ ካርድ ነው። ኬዙ፣ ማዘርቦርዱ፣ ሞኒተሩና ኪቦርዱ አልተቀየሩም።

ዛሬ ከባዶ ብጀምር በመጀመሪያው ቀን እለካለሁ፣ የሰፕላዩን ሰንጠረዥ አነባለሁ። ከዚያ ኤስኤስዲና ራም፣ ቀጥሎ ባዮስና ፕሮሰሰር፣ ካርዱን ደግሞ በመጨረሻ፣ ሰፕላዩ የማይበቃ ከሆነ ከሰፕላይ ጋር አብሬ እገዛለሁ። የናንተ መለኪያ ሌላ ካሳያችሁ ግን መለኪያችሁን ተከተሉ። ጥሩ ፕሮሰሰርና 16 ጊጋ ራም ያለው ሰው በቀጥታ ወደ ካርዱ ቢሄድ ትክክል ነው።

1050 ቲአዩን አልሸጥኩትም። 5600 የራሱ ግራፊክስ ስለሌለው ካርዱ አንድ ቀን ቢበላሽ ስክሪን የሚያበራልኝ እሱ ነው። ተጨማሪ የኮረንቲ ኬብልም አይፈልግም። ካርድ የተበላሸበት ጓደኛ ሲያጋጥመኝም ይዤው እሄዳለሁ።